የጎደለው ሃያ ኪሎ

ኡዋይስን ያገኙት ማለዳ ወፍጮ ሊያስነሱ የመጡት ጋሽ ሀብተሚካኤል ናቸው። ከበርበሬ ማድረቂያው ሰገነት ሥር፣ በግቢው ጭቃ ላይ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ማታ የወረደው ዝናብ ሸሚዙን ከጀርባው ጋር አጣብቆታል። ሽማግሌው ሮጠው አቀኑት፣ ፊቱን አዩ፣ መልሰው አስተኙትና በሩ ላይ ያለውን ዘበኛ ተጣሩ።

ኢንስፔክተር ዛሂዳ ካምፓላ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ወዳለው ወፍጮ ቤት የደረሰችው ረፋዱ ላይ ነው። ከግቢው በር ሳታልፍ ማስነጠስ ጀመረች። አብሯት የመጣው ኮንስታብል ኦኬሎ ደግሞ ዓይኑን እያሸ «ይሄ የሰው መግደያ ነው ወይስ የሰው መብል?» ብሎ ጠየቀ። ሬሳ አጠገብ ማስነጠስ ደስ አይልም፤ በበርበሬ ፋብሪካ ግቢ ግን ሟችም ፖሊስም እኩል ነው። የዛሂዳ አባት ከወሎ መጥቶ ካምፓላ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ነው፣ እናቷ ደግሞ የዚሁ አገር ሰው ነች። በዚህ ጦስ ሐበሻ የገባበት ክስ ሁሉ ተጠቅልሎ የእሷ ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል፤ የጠፋ ስልክም፣ የተካደ ዕቁብም፣ የባልና ሚስት ጠብም። ሬሳ ግን ብዙ ጊዜ አይመጣላትም።

ሬሳው ሲነሳ ጎንበስ ብላ መሬቱን ዳሰሰች። ዙሪያው ጭቃ ነው፤ ኡዋይስ የተኛበት ቦታ ግን አቧራ ነው።

«ዝናቡ ሳይጀምር ነው የወደቀው፤» አለችው ለኦኬሎ።

ከዚያ በብረቱ ደረጃ ወደ ሰገነቱ ወጣች። በርበሬው በሰማያዊ ሸራ ተሸፍኗል፤ ጠርዙ በድንጋይ ተይዞ በገመድ ተጠፍሯል። ጫፉን ገለጥ አደረገች። ላይ ላዩ ያለው ዛላ ርጥብ ነው፣ የጠብታ ምልክት አለበት። እጇን ወደ ውስጥ ስትከት ግን ደረቅ ነው። ሸራው ተቀዶ ይሆናል ብላ ወደ ፀሐይ ዘርግታ አየችው፤ አንድም ቀዳዳ የለውም። ነገሩ አልገባትም፣ ግን አልተወችውም።

የወፍጮው ባለቤት መንሱር ከሀብታሞቹ ሰፈር ከኮሎሎ እስኪደርስ ድረስ ሬሳው ወጥቷል። መንሱር እዚሁ ካምፓላ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካ እየዘለለ የሚሄድ ሰው ነው። ሐዘኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው።

«ራሱን ነው የጣለው፤» አለ። «አፍሮ። ትናንት በአውጫጭ ሌባነቱ ወጣ።»

ዛሂዳ አውጫጭን ከአባቷ ትሰማ ነበር። አገር ቤት ንብረት ሲጠፋ መንደሩ ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱ ሰው ተራ በተራ እየቀረበ የጠረጠረውን ሰው ስም ለሽማግሌ በጆሮው ይነግራል። ስም የበዛበት ሰው ዕዳው የእሱ ነው። ስንቱን ነገር አገር ቤት ጥለው የመጡ ሰዎች ይህቺን ግን ጠቅልለው ይዘው መምጣታቸው ገረማት።

«ምን ሰረቀ?»

«በርበሬዬን ነዋ። ነይ፣ ላስረዳሽ።» መንሱር ጣቶቹን እያጠፈ ቆጠረ። «ከገበሬ የሚመጣልን በርበሬ ርጥብ ነው። የእርጥበት መለኪያው ሃያ ስምንት ፐርሰንት ይላል። አድርቀን አሥር ፐርሰንት ስናደርሰው ወደ ወፍጮ ይገባል። ሃያ ስምንት ሲቀነስ አሥር፣ አሥራ ስምንት። ስለዚህ ሺህ ኪሎ ካስገባሁ መቶ ሰማንያ ኪሎ ውሃ ይተናል፣ ስምንት መቶ ሃያ ኪሎ ይቀረኛል። ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

«ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ስምንት መቶ ነው። በያንዳንዱ ጭነት። ሃያ ኪሎዬ የውሃ ሽታ ሆኖ ይቀራል።»

«ሁልጊዜ ሃያ?»

«አንድ ሁለት ኪሎ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ሃያ ነው። ሥርዓት ያለው ሌባ ነው የገጠመኝ።»

«ስርቆቱ መቼ ጀመረ?»

«መለኪያውን ካስመጣሁ በኋላ ነው ያወቅኩት። ድሮማ ጋሽ ሀብተሚካኤል ዛላውን ጆሯቸው ላይ እያንኮሻኮሹ 'ደርቋል' ሲሉ ነበር የምንፈጨው። ያኔ ስንት እንደበሉኝ አላህ ይወቀው።»

«ጉድለቱን ማን ነበር የሚከፍለው?»

«ግማሹን መጋዘን ያዡ ኡዋይስ፣ ግማሹን አድራቂው ታፈሰ። ከደሞዛቸው ይቆረጣል። ከሚዛን እስከ ሰገነት በርበሬውን የሚይዙት ሁለቱ ናቸው።»

ሒሳቡ ለጆሮዋ ቀጥ ያለ ነበር። እንደ ሌላው ሰው ሁሉ አመነችውና ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አለፈች። በኋላ ራሷን ክፉኛ የወቀሰችው በዚህ ነው።

ጋሽ ሀብተሚካኤል ወፍጮው ሥር ተቀምጠው ያለቅሱ ነበር። የአውጫጩ ጆሮ እሳቸው ነበሩ።

«ማን ማን ነው ኡዋይስን የጠራው፣ ጋሼ?»

«ልጄ፣ ያንን አትጠይቂኝ። ምዬበታለሁ። አሥራችንም ሠራተኞች ነበርን፣ አሥራችንም ቃል ሰጠን፤ እኔም ጭምር። ማን ምን እንዳለ ከእኔ ጋር ይቀበራል።»

«ኡዋይስስ? እሱ ማንን ጠራ?»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡ። «እሱ እንኳ ስም ስላልሰጠኝ መሐላ አላፈርስም። ጠጋ ብሎ 'ጋሼ፣ ሲሰርቅ ያላየሁትን ሰው ስም አልጠራም' አለኝ። ከዚያ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲሄድ እሱ ቁልፉን ይዞ ወደ ሰገነቱ ወጣ። ጠዋት ሊያስረክብ ነበር። 'ሃያውን ኪሎ ሳላገኝ አልወርድም' ብሎ ከረጢት ሲያገላብጥ ተውኩት። ምነው አብሬው በቀረሁ!»

ዘበኛው የጨመረው ነገር የለም። ጉልበቱ አብጦ ደረጃ የማይወጣ ሰው ነው። ማታ በሩን ገርበብ አድርጎ ሮሌክስ የሚባለውን በእንቁላል የሚጠቀለል ቂጣ ሊገዛ ወጣ፤ ቻፓቲው ላይ እንቁላሉ ሳይጠቀለል ዝናቡ ያዘውና ማብሰያው ዳስ ሥር ተጠልሎ ቆየ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ አላየም።

የኡዋይስ ቤት ካባላጋላ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ከቡና ቤቶቹ ጀርባ፣ ግድግዳው ሲጨፈር የሚንቀጠቀጥ አንድ ክፍል። ዛሂዳ ለቅሶ ቤት መስሏት ነበር የሄደችው። ያገኘችው ሚስቱን ፈርሃናንና እግሯ ሥር የምትጫወት ትንሽ ልጇን ሰልሰቢልን ብቻ ነው። ሌባ ተብሎ የሞተን ሰው ማን ያለቅሳል! ጎረቤት ሻይ አፍልቶ አላመጣም፣ ከወፍጮው ሠራተኛም ዝር ያለ የለም።

ፈርሃናም እዚያው ወፍጮ ቤት የበርበሬ ለቃሚ ናት። የጣቶቿ ጫፍ ተልጦ ቀልቷል።

«ትናንት ማታ የት ነበርሽ፣ እህቴ?»

«እዚሁ። ልጄ ትኩሳት ይዟት ነበር። ጎረቤቶቼን ጠይቂ።»

«ኡዋይስ ጠላት ነበረው?»

ፈርሃና ጥያቄውን የሰማች አትመስልም። «ሰርቋል ወይስ አልሰረቀም?» አለች።

«እሱ ገና…»

«እሱን ብቻ ንገሪኝ። ሌላው ይቅርብኝ።»

ዛሂዳ ብዙ ሐዘንተኛ አይታለች። ሁሉም «ማነው የገደለው?» ይላል፣ አንዳንዱም ሳይጠየቅ ስም ይሰጣል። ይህቺ ሴት ግን ገዳዩን አንዴም አልጠየቀችም። ዛሂዳ ስትወጣ ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ አነጋገረች። ሁሉም ፈርሃና ሌሊቱን ሙሉ ልጇን በእርጥብ ጨርቅ ስታብስ እንደነበር መሰከሩ። ከጥርጣሬ ወጣች፤ ያ ጥያቄዋ ግን ከዛሂዳ ጆሮ አልወጣም።

መንሱር የተሰረቀው በርበሬ ተቀባይ ብሎ የጠቆመው ኣቤሰሎም የሚባል ኤርትራዊ ነው፤ እዚያው ካባላጋላ ምግብ ቤት አለው። «በርበሬውን ከእኔ መግዛት ካቆመ ቆይቷል፣ ወጡ ግን አሁንም ቀይ ነው» ነበር የመንሱር ማስረጃ።

ኣቤሰሎም ሲሰማ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተናደደ።

«ሓፍተይ፣ እህቴ፣ የእኔን በርበሬ እናቴ ናት ከአስመራ የምትልክልኝ። የእሱን ፋብሪካ በርበሬ ሽንኩርቱ ይበልጠዋል፣ ጣዕም የለውም ብዬ ነው የተውኩት። ነይ ቅመሺ!»

በማንኪያ ጫፍ አቀመሳት። ዛሂዳ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ጥቁር አዝሙዱ የበዛ፣ አፈጫጨቱ ሻካራ፣ ከመንሱሩ ጋር በምንም የማይገናኝ በርበሬ ነው።

«ኡዋይስ እዚህ ይመጣ ነበር?»

«ኡዋይስ? ሻይ እንኳ በሰው የማይጠጣ! ከወፍጮ ቤቱ የሚመጣው ታፈሰ ነው፤ ኳስ አያመልጠውም። ኡዋይስ በሞተ ዕለት ማታ እንኳ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ውሻ እስኪመስል በስብሶ መጥቶ ፎጣ ሰጥቼዋለሁ። ፊቱም ልክ አልነበረም፤ ሌላ ቀን እንደሚያደርገው አልጮኸም።»

ታፈሰ በማግስቱ ተጠርቶ መጣ። ፀሐይ ያጠቆረው፣ ሰውን ቀና ብሎ የማያይ ሰው ነው። በድሃ ቤት ያደገ መሆኑን፣ አገር ቤት ለምትኖር እናቱ በየወሩ እንደሚልክና አሁን መላክ እንዳቆመ ሳይጠየቅ ተናገረ።

«ዝናቡ ሲጀምር የት ነበርክ?»

«ኣቤሰሎም ቤት ኳስ እያየሁ ነበር። ሰው ሁሉ አይቶኛል።»

«ከዝናቡ በፊት ነው የገባኸው?»

«ከዝናቡ በፊት።»

ውሸት መሆኑን ዛሂዳ እያወቀች አለፈችው። ውሸት ከመግደል ይለያል። ሰው ቢሰክርም፣ ሴት ጋ ቢሄድም ይዋሻል። ታፈሰ የኡዋይስ የስርቆት ሸሪክ ከሆነ ለመግደል ምክንያት አለው፤ ሸሪክ ከሆነ ግን ሃያው ኪሎ በየጭነቱ የሚሄድበት ቦታ መኖር አለበት። ያ ቦታ አልተገኘም። ኦኬሎ የታፈሰን ቤት ፈተሸ፣ የኡዋይስን ፈተሸ፣ ገበያውን አሰሰ። ከሁለቱም ቤት ወጥ እንኳ የሚያቀላ በርበሬ አልወጣም።

ጭነቱ ሰገነቱ ላይ ገና እየደረቀ ነው። ኡዋይስ ከመሞቱ በፊት መዝኖ ያስወጣው ሺህ ኪሎ ነው፣ መለኪያውም ሃያ ስምንት ብሎለታል። ዛሂዳ ደረጃውን በፖሊስ አስጠበቀችው። ማድረቁን ጋሽ ሀብተሚካኤል በፖሊስ ዓይን ሥር ጨረሱት፤ ታፈሰ እንዳይወጣ ተከለከለ። ከፖሊስና ከሽማግሌው በቀር ደረጃውን የረገጠ ሰው የለም። መለኪያው አሥር ሲል ሠራተኛው ሁሉ ባለበት በርበሬው ሚዛን ላይ ወጣ።

መንሱር ቁጥሩን ቀድሞ አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

«ስምንት መቶ፤» አለ።

ለቃሚዎቹ አፋቸውን ያዙ። አንዷ «ጂኒ ነው!» ብላ ወደ ኋላ ሸሸች። ፈርሃና አልመጣችም ነበር። ጋሽ ሀብተሚካኤል ሦስት ጊዜ አማተቡ። መንሱር ግን ጂኒ አላሰበም፤ ወደ ኦኬሎ ዞሮ በእንግሊዝኛ «እናንተም ጀመራችሁ?» አለው። ኦኬሎ በበርበሬ ያበጡ ዓይኖቹን አፍጥጦ ወደ ዛሂዳ ዞረ።

«ማዳም፣ እኔ እዚያ ፎቅ ላይ ሳስነጥስ ከረምኩ። ይሄን ነገር በነፃ ቢሰጡኝ እንኳ አልወስድም!»

ዛሂዳ መልስ ሳትሰጥ ወጣች። ሟች አይሰርቅም። ኦኬሎ ፖሾውን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ በባቄላ የሚበላ፣ በርበሬ ካየ የሚያለቅስ ሰው ነው። ሽማግሌው ሲወጡም ሲወርዱም እየተፈተሹ ነበር። እና ሃያው ኪሎ አሁንም የለም። እንግዲህ ሌባው ማነው ብላ ሳይሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሃያው ኪሎ ከመጀመሪያውስ ነበር ወይ ብላ ጠየቀች።

ከፋብሪካው ማዶ ካለችው ሻይ ቤት ተቀመጠች። ሻዩ ሲቀርብላት አልነካችውም። መንሱር የሚያስበው ስለ ውሃው ነው፤ እሷ ውሃውን ትታ በርበሬውን ያዘች። ሺህ ኪሎ ገባ። ከመቶው ሃያ ስምንቱ ውሃ ከሆነ ሁለት መቶ ሰማንያ ኪሎ ውሃ ነው። የተረፈው ሰባት መቶ ሃያ ኪሎ ቆዳውና ፍሬው ነው። ይሄ ፀሐይ ላይ ዓመት ቢከርም አይተንም፤ እንደገባ ይወጣል። በርበሬው ደርቆ ከመቶ አሥሩ ብቻ ውሃ ሲሆን፣ ከመቶ ዘጠናው ያው ቆዳና ፍሬ ነው ማለት ነው። ሰባት መቶ ሃያ የስንት ዘጠና ፐርሰንት ነው? ለዘጠና አካፈለች፣ ስምንት። በመቶ አባዛች።

ስምንት መቶ።

ደግማ ሠራችው። ያው ስምንት መቶ ነው። ሰማንያ ኪሎ ውሃ፣ የስምንት መቶ አሥር ፐርሰንት። ሚዛኑ ዕለት ዕለት እውነቱን ሲናገር ከርሟል። መንሱር ሃያ ስምንቱን ከሺህ ላይ ወስዶ፣ አሥሩንም ከዚያው ከሺህ ላይ ወሰደ። አሥሩ ግን የሺህ አይደለም፤ ደርቆ የቀረው በርበሬ አሥር ፐርሰንት ነው። የሁለት የተለያዩ ክምሮችን ፐርሰንት እንደ አንድ ክምር ቀናነሰና ሃያ ኪሎ በርበሬ ከምንም ፈጠረ። ከዚያ ያላየውን በርበሬ ሰረቃችሁኝ ብሎ የሰው ደሞዝ ቆረጠ። አሥር ሰው ሰብስቦ ያልተሰረቀ ነገር ሌባ አስወጣ።

እሷም «ልክ ነው» ብላው ነበር። ዛሂዳ ሻዩን ትታ ተነሳች።

አሁን ተባባሪም ተቀባይም የለም። የስርቆት ሸሪክ ብላ የጠረጠረችው ሰው ሸሪክ አልነበረም። የቀረው፣ ኡዋይስ ሌባ ነው ብሎ ከልቡ ያመነና ለዚያ እምነቱ ከደሞዙ ሲከፍል የኖረ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነበር።

ታፈሰን ጣቢያ አስመጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ዝናቡ ሲጀምር የት ነበርክ?»

«ነገርኩዎት፣ ኣቤሰሎም ቤት።»

«ኣቤሰሎም በስብሰህ እንደገባህ ነው የሚናገረው። ቤቱ ውስጥ ይዘንብ ነበር?»

ታፈሰ አቀረቀረ።

«ስማኝ። ኡዋይስ ዝናቡ ሳይጀምር ነው የወደቀው፤ የተኛበት መሬት ደረቅ ነበር። በርበሬው የተሸፈነው ግን ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ነው። የላይኛውን ዛላ ጠብታ መቶታል፣ ሸራው ደግሞ ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ የሸፈነው ሟች አይደለም። ዘበኛው ደረጃ አይወጣም። ዝናብ ጠብ ሲል ሳያስብ ወደ ሸራ የሚሮጥ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ታፈሰ መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው።

«አድራቂ ነዋ፤» አለ በመጨረሻ።

ከዚያ በኋላ አልደበቀም። «ልለምነው ነበር የተመለስኩት። 'ስምህ ወጥቷል፣ ከእንግዲህ ምን ትደብቃለህ? የወሰድከውን አምጣና የእኔን የተቆረጠውን ያስመልሱልኝ' አልኩት። ከከረጢቱ ቀና ብሎ 'ታፈሰ፣ እኔ ካልሆንኩ አንተ ነህ እኮ' አለኝ። እኔን! እየቆረጡብኝ፣ እናቴ ያለ መድኃኒት እየከረመች፣ እኔን! ገፋሁት። ለመግደል አልነበረም። ጠርዙ ቅርብ ነበር።»

«ወርደህ አላየኸውም?»

«ከላይ አየሁት። አይንቀሳቀስም። ወዲያው ዝናቡ መጣ። በርበሬው ከረጠበ እንደገና ከእኔ ነው የሚቆረጠው። እጄ ራሱ ሄደ።»

«በርበሬውን ሸፈንከው፤» አለች ዛሂዳ። «እሱንስ?»

ፀሐፊው ቃሉን ወስዶ ሲያበቃ ታፈሰ ቀና አለና፣ ስትጠብቀውና ስትፈራው የነበረውን ጥያቄ ጠየቃት።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ሳንለያይ ነው የምንውለው፣ ዓይኔን ከእሱ ላይ አልነቅልም ነበር። በርበሬውን በየት አድርጎ ነበር የሚያወጣው?»

ልትተወው ትችል ነበር። ቃሉን ሰጥቷል፣ ጉዳዩ አልቋል። ግን ነገረችው፤ ሺሁን፣ ሁለት መቶ ሰማንያውን፣ የማይተነውን ሰባት መቶ ሃያ። ታፈሰ አዳመጣት። ስምንት መቶ ላይ ስትደርስ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ።

«ከስምንት መቶ በላይ ሊሆን አይችልም ነበር?»

«አይችልም ነበር።»

«ስለዚህ እሱም እውነቱን ነው፣ እኔም እውነቴን ነው።»

«ሁለታችሁም።»

ያን ጊዜ ጮኸ። በኮሪደሩ ያለፉት ፖሊሶች በር ከፍተው እስኪያዩ ድረስ ጮኸ። ዛሂዳ ልታረጋጋው አልሞከረችም፤ ምን ብላ ታረጋጋዋለች?

መንሱር ቢሮው ውስጥ ስልኩ ላይ ደጋግሞ አሰላው። ሰባት መቶ ሃያ ሲካፈል ለዜሮ ነጥብ ዘጠኝ። አጠፋና እንደገና መታው፤ ስልኩ ግን እንደ ሠራተኞቹ አልፈራውም፣ ያንኑ መልስ መለሰለት።

«እሺ፣ አስተካክለዋለሁ፤» አለ። «የቆረጥኩትንም እመልሳለሁ።»

«ለማን?»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ቀና አለ። «እህቴ፣ እኔ ግደሉት አላልኩም። የሒሳብ ስህተት ወንጀል ነው እንዴ? የፈረደው ሠራተኛው ራሱ ነው። ጋሽ ሀብተሚካኤል ስም ባይነግሩኝም ይሄን ነግረውኛል፤ ዘጠና ፐርሰንቱ የጠራው ኡዋይስን ነው። ዘጠና ፐርሰንት!»

ዛሂዳ የምታስርበት ሕግ አልነበራትም። መቀነስ አያስከስስም። የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ሲያሽከረክር ትታው ወጣች።

ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ተፈናጥጣ ወደ ካባላጋላ ስትወርድ ደስ የሚል ወሬ ይዛ የምትሄድ መስሏት ነበር። ቢያንስ ለአንዲት ሴት ባልሽ ንጹሕ ነበር ልትላት ነው። መንሱር አፉን ሞልቶ የተናገረው ቁጥር መንገድ ላይ ያዛት። ዘጠና ፐርሰንት። የስንት? የአሥር ሠራተኞች። ዘጠኝ ሰው ማለት ነው። አሥረኛው ኡዋይስ ነው፤ እሱ ማንንም አልጠራም። ስለዚህ ሌሎቹ በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ጠርተውታል። ከሌሎቹ አንዷ ደግሞ ጣቶቿ የተላጡ ለቃሚ ናት።

ቦዳው ሲቆም ዛሂዳ ወዲያው አልወረደችም። ነጂው «ማዳም፣ ደርሰናል» እስኪላት ድረስ ተቀምጣ ቀረች።

ፈርሃና ክፍሏ ውስጥ የለቅሶው ፍራሽ ላይ ብቻዋን ነበረች። ሰልሰቢል ጎኗ ተኝታለች።

«ታፈሰን ያዛችሁት አሉ፤» አለች።

«አዎ። ራሱ አመነ።»

«እኔ የጠየቅኩሽ እሱን አይደለም።»

ዛሂዳ መዋሸት ይቻላታል። «አልተረጋገጠም» ብትል ይህቺ ሴት ሌሊት ትተኛ ይሆናል። ያኔ ግን ኡዋይስ ሌባ እንደተባለ መቃብሩ ውስጥ ይቀራል። አንዱን መምረጥ ነበረባት፤ ሁለቱም አንጀት ይቆርጣል።

«አልሰረቀም፤» አለቻት። «ማንም አልሰረቀም። ሒሳቡ ነበር የተሳሳተው። ሃያ ኪሎ የሚባል በርበሬ ከመጀመሪያውም አልነበረም።»

«አንድ ኪሎም?»

«አንድ ኪሎም።»

ፈርሃና አላለቀሰችም። «ማታ ማታ እጠይቀው ነበር፤» አለች ቀስ ብላ። «'ሚስትህ አይደለሁም? ለእኔ እንኳ ንገረኝ፣ የት ነው የምትወስደው?' እለዋለሁ። 'አላውቅም' ይለኛል። ሚዛን ይዋሻል እንዴ? እሱ ነው የሚዋሸኝ ብዬ ተቀየምኩት። ያን ቀን ጋሽ ሀብተሚካኤል ጆሮ ላይ ጎንበስ ስል ከኋላዬ ቆሞ ተራውን ይጠብቅ ነበር።»

«ያልሽውን ሰማ?»

«አልሰማኝም። ስመለስ ግን ፊቴን አየ።»

ዛሂዳ እጇን ልትይዛት ሞከረች፤ ፈርሃና ጣቶቿን ሰበሰበች።

«ምነው በሰረቀ!» አለች። «ሌባ ባል እችለው ነበር።»

ውጭ የእግር ኮቴ ተሰማ። ወሬው ወፍጮ ቤቱ ደርሶ ኖሮ ሠራተኞቹ ለቅሶ ሊደርሱ መጥተዋል፤ ጋሽ ሀብተሚካኤል ከፊት፣ ለቃሚዎቹ ነጠላቸውን ተከናንበው ከኋላ። በሩ ላይ ጫማቸውን አውልቀው እያቀረቀሩ ገቡና ግድግዳውን ተከትለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ፈርሃና ሁሉንም ተራ በተራ አየቻቸው። ከዚያ ልጇን ሳትቀሰቅስ ከፍራሹ ተነሳች፣ ለቃሚዎቹ መሃል ቦታ አስለቅቃ እሷም እንደ እነሱ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ሀብተሚካኤል ወደ ፍራሹ እንድትመለስ በእጃቸው ቢያመለክቷትም አልተነሳችም፤ የሐዘንተኛው ፍራሽ ላይ የተኛችው ሰልሰቢል ብቻ ቀረች።